የምሁራን መካተት መስፈርት

የምሁራን መካተት መስፈርት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም ተመራማሪ በመዝገበ ዕውቀት ውስጥ ራሱን የቻለ መጣጥፍ ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጥያቄ ለመወሰን የሚያገለግል የደንብ ስብስብ ነው። ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው በሕይወት ያሉ ምሁራንን በሚመለከት ነው። ሥራቸው ገና አላለቀም፤ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈ ሦስተኛ ወገን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የተሳሳተ መረጃ ሲወጣም ጉዳቱ የሚደርሰው በራሳቸው ላይ ነው።

እንደ ውክፔዲያ ባሉ በበጎ ፈቃደኞች በሚዘጋጁ መዝገበ ዕውቀቶች መስፈርቱ የሰውን የዕውቀት ጥልቀት፣ ትጋት ወይም መልካም ጠባይ አይለካም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የምሁሩ ሥራ በሌሎች ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ከራሱና ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ በሆነ አስተማማኝ ምንጭ ተረጋግጧል ወይ? በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ የራሱ ችግሮች አሉት። ከሥራው ተጽዕኖ ይልቅ የምንጩ ማነስ ብዙዎችን ከመዝገብ ያስቀራል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

የታተሙ የሕይወት ታሪክ መዝገቦች ስለ ሕያዋን የመወሰን ጣጣ እምብዛም አልነበረባቸውም። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1975 የወጣው የኢትዮጵያ የሕይወት ታሪክ መዝገብ የመጀመሪያ ቅጽ ከጥንት ጀምሮ እስከ ዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ፍጻሜ፣ ማለትም እስከ 1270 ገደማ ድረስ የነበሩትን ብቻ የያዘ ነው። ገጹ ውስን ስለነበረም ማን ይግባ የሚለውን የሚወስኑት ጥቂት አዘጋጆች ነበሩ።

ውክፔዲያ በጥር 2001 ሲጀመር ሁለቱም ልማዶች ቀሩ። የገጽ ብዛት ገደብ አልነበረውም፣ ማንም ሰው ስለ ማንም መጻፍ ቻለ። የዚህ አደጋ በ2005 ጎልቶ ታየ። በዚያ ዓመት በአሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር መጣጥፍ ውስጥ ፍጹም ሐሰት የሆነ ክስ ገብቶ ከአራት ወራት በላይ ሳይታረም ቆየ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አዲስ መጣጥፍ መጀመር ለተመዘገቡ ተጠቃሚዎች ብቻ ተፈቀደ፤ በሕይወት ያሉ ሰዎችን የሚመለከተው ደንብም ጠበቀ።

ለምሁራን የተለየ መስፈርት ያስፈለገው በሌላ ምክንያት ነው። ስለ ዘፋኝ፣ ስለ ሯጭ ወይም ስለ ሚኒስትር ጋዜጣ ይጽፋል። ስለ አንድ የአፈር ሳይንስ ተመራማሪ ግን ጋዜጣ ሳይጽፍ ሥራው በብዙ አገር የሚያገለግል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምሁራን በጋዜጣ ሽፋን ብቻ ሳይሆን በሥራቸው ተጽዕኖ እንዲመዘኑ ተደረገ።

ዋና ዋና መስፈርቶች

እያንዳንዱ የቋንቋ ክፍል የራሱን ደንብ የማውጣት መብት አለው። በስፋት የሚጠቀሰው የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ መመሪያ ስምንት ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱን በምንጭ የተረጋገጠ አድርጎ ያሟላ ምሁር በመርሕ ደረጃ መጣጥፍ ይገባዋል።

1. ጥናቱ በሙያ ዘርፉ ውስጥ ትልቅ ተጽዕኖ ማሳደሩ በነጻ ምንጭ የታወቀ። ባሕሩ ዘውዴ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ (ከ1855 እስከ 1974) የጻፉት መጽሐፍ በታሪክ ትምህርት ዘርፍ መሠረታዊ ማጣቀሻ መሆኑ የዚህ ምሳሌ ነው።

2. በአገር ወይም በዓለም አቀፍ ደረጃ ከፍተኛ ክብር ያለው ሽልማት ያገኘ። በፍኖተ ሰላም የተወለዱት የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪዋ ሰገነት ቀለሙ በ2014 ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሎሬያል ዩኔስኮ ሽልማት አግኝተዋል። የፊዚክስ ሊቁ ሙሉጌታ በቀለ ደግሞ በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

3. አባላቱን በጥብቅ ምርጫ የሚቀበል የሳይንስ ማኅበር አባል የሆነ። የዕፅዋት ሊቁ ሰብስቤ ደምሰው የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል ናቸው። የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚም በ2010 ከተመሠረተ ወዲህ በአገር ውስጥ ተመሳሳይ ሚና የሚጫወት ተቋም ሆኗል።

4. በከፍተኛ ትምህርት አሰጣጥ ላይ፣ ከአንድ ተቋም አልፎ ብዙዎችን የነካ ለውጥ ያመጣ፤ ለምሳሌ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት የመማሪያ መጽሐፍ የጻፈ።

5. በታላቅ ተቋም በስም የተሰየመ የፕሮፌሰርነት ወንበር ወይም ከመደበኛው ፕሮፌሰርነት በላይ የሆነ ልዩ ማዕረግ የተሰጠው።

6. የታላቅ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሙያ ማኅበር የበላይ ኃላፊ የሆነ። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በዚህ ይገባል፤ ዲንና የትምህርት ክፍል ኃላፊ ግን በኃላፊነታቸው ብቻ አይገቡም።

7. በሙያው አማካይነት ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ባለው ኅብረተሰብ ላይ ጉልህ ተጽዕኖ ያሳደረ። በአዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ያወጣችው ጥናት፣ የፊት ገጽታ የሚለዩ ፕሮግራሞች በጥቁር ሴቶች ላይ ይበልጥ እንደሚሳሳቱ አሳይቶ ከሙያው ውጭ ሰፊ ክርክር አስነሥቷል።

8. በዘርፉ የታወቀና የቆየ የጥናት መጽሔት ዋና አዘጋጅ የሆነ።

ከእነዚህ ነጥቦች አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ ሁኔታ ሲተረጎሙ ያከራክራሉ። በስም የተሰየመ የፕሮፌሰርነት ወንበር በአገሪቱ ብዙም ስላልተለመደ አምስተኛው ነጥብ በአብዛኛው የሚጠቅመው በውጭ አገር ያሉትን ነው። የስድስተኛው ነጥብ ክርክር ደግሞ ከ40 በላይ ከሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ «ታላቅ» የሚባለው የትኛው ነው የሚል ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታተመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ መጽሔት ዓይነት የአገር ውስጥ ኅትመቶችም በስምንተኛው ነጥብ የሚመዘኑት በየጉዳዩ በሚደረግ ውይይት ነው።

ብቻቸውን የማይበቁ ነገሮች

የዶክትሬት ዲግሪ፣ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ፣ የታተሙ ጥናቶች ብዛት፣ የክብር ዶክትሬት፣ በተማሪነት የተገኘ ሽልማት ወይም ሜዳሊያ፣ የባለቤትነት መብት የተመዘገበለት ፈጠራ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ያለ ተከታይ አንዳቸውም ብቻቸውን በቂ ማስረጃ አይደሉም። ማዕረግ በተለይ ያሳስታል። በኢትዮጵያ የሙሉ ፕሮፌሰርነት ዕድገት የሚያጸድቀው የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ነው፤ ዜናውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ስለዚህ ዕድገቱ እውነተኛና የሚያኮራ ቢሆንም ከነጻ ወገን የመጣ ምስክርነት አይሆንም።

ምሳሌ፦ ገቢሳ ኤጄታ

መስፈርቱ ያለ ክርክር እንዴት እንደሚሟላ ለማየት የገቢሳ ኤጄታ ታሪክ ይረዳል። በወሎንኮሚ የተወለዱት ገቢሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በጅማ የግብርናና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በ1952 የተመሠረተ ሲሆን በኋላ የጅማ ግብርና ኮሌጅ ሆኗል። ኮሌጁ በ1999 ከጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተፈጠረ።

ገቢሳ በ1973 ከዓለማያ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1978 ደግሞ በአሜሪካ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በሱዳን ሲሠሩ በአፍሪካ ድርቅን በመቋቋም ቀዳሚ ከሆኑት የማሽላ ዲቃላ ዝርያዎች አንዱን አበረከቱ፤ ዝርያው በ1983 ለገበሬው ተለቀቀ። ቀጥለውም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ። በፐርዱም ልዩ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አላቸው።

ቢያንስ አራት ነጥቦች፣ ማለትም አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛውና ሰባተኛው በእሳቸው ታሪክ ይሟላሉ፤ ሁሉም ከእሳቸው ነጻ በሆኑ አካላት ተመዝግበዋል። እዚህ ላይ ሽልማቱ ከመድረሱ በፊት በነበሩት ዓመታት የነበረውን ሁኔታ ማሰብ ይጠቅማል። በ1990ዎቹ አቀንጭራን የሚቋቋመው ማሽላ በማሳ ላይ ነበር፤ የታወቀው የዓለም ሽልማት ግን ገና አልነበረም። አንድ አዘጋጅ በዚያን ጊዜ የሽልማት ዝርዝር ብቻ ቢመለከት ኖሮ ያልፋቸው ነበር፤ የሌሎች ተመራማሪዎችን ጥናትና የዝርያዎቹን ሥርጭት ቢመለከት ግን ተጽዕኖውን ያገኘው ነበር።

ምሳሌ፦ ዶና ስትሪክላንድ

ይህ ስሕተት በተግባር የተፈጸመበት የታወቀው ጉዳይ የካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ የዶና ስትሪክላንድ ነው። በ2018 የጸደይ ወራት ስለ እሷ የቀረበ ረቂቅ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በቂ ነጻ ምንጭ የለውም ተብሎ ውድቅ ተደረገ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 2 ቀን በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዷ መሆኗ ታወጀ። ከማሪ ኩሪና ከማሪያ ጎፐርት ሜየር ቀጥላ ሦስተኛዋ ሴት ናት። መጣጥፏ የተፈጠረው በዚያው ዕለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ትምህርት «ውክፔዲያ የኖቤል ተሸላሚ አላወቀም» የሚል ነው። ጠለቅ ያለው ትምህርት ግን ስትሪክላንድ መስፈርቱን ከኖቤሉ በፊት አሟልታ እንደነበር ነው። በ2013 የኦፕቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረች፤ ይህ በስድስተኛው ነጥብ ይገባል። በማዕረግ ግን ተባባሪ ፕሮፌሰር ነበረች። ደንቡ አልጎደለም፤ በደንቡ መሠረት የተደረገው ፍለጋ ነበር ያነሰው።

የቁጥር መለኪያዎችና ችግሮቻቸው

አዘጋጆች ተጽዕኖን ለመገመት ብዙ ጊዜ የሚመለከቱት አንድ ጥናት በሌሎች ጥናቶች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ነው። ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረቡት ኤች-ኢንዴክስ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ለምሳሌ የአንድ ሰው ኤች-ኢንዴክስ 20 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጥናቶች አሉት ማለት ነው። ቁጥሩ ቀላል ስለሆነ ይወደዳል፤ ነገር ግን ቢያንስ በአራት መንገድ ያሳስታል።

የመጀመሪያው የዘርፍ ልዩነት ነው። የሕክምና ጥናት ከሒሳብ ጥናት ይልቅ በብዛት ይጠቀሳል፤ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ምሁር ደግሞ የሚታወቀው በመጽሐፉና በመጽሐፉ ላይ በተጻፉ ሂሶች ነው።

ሁለተኛው የጋራ ደራሲነት ነው። እንደ ዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ያሉ ፕሮጀክቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች ያሏቸውን ጽሑፎች ያወጣሉ፤ ከደራሲዎቹም መካከል በኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች የሚያስተምሩ ብዙዎች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ጽሑፍ በሺዎች ጊዜ ስለሚጠቀስ የተሳታፊው ቁጥር በአንዴ ይንራል። ይህ የሥራውን ዋጋ አይቀንስም፤ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ምን እንደነበር ግን ከቁጥሩ አይታወቅም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ትልልቆቹ የጥናት መረጃ ቋቶች በአመዛኙ የሚመዘግቡት በእንግሊዝኛ የታተመውን ነው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የጻፈ ምሁር፣ መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ ቢነበብ እንኳ በቁጥሩ ውስጥ ላይታይ ይችላል። በደንቡ ግን ምንጭ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ፣ በወረቀት ብቻ ቢታተምም ተቀባይነት አለው። ኢንተርኔት ላይ አለመኖሩ ምንጭ አይደለም አያሰኘውም።

አራተኛው የስም አጻጻፍ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ሁለተኛው የአባት ስም ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። የውጭ መረጃ ቋቶች ግን የመጨረሻውን ስም ስለሚወስዱ ገቢሳ «ኤጄታ»፣ ሰገነት «ቀለሙ» በሚል ይመዘገባሉ። የአባታቸው ስም የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ሰው ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ በተቃራኒው አንዱ ሰው ስሙ በላቲን ፊደል በሦስት መንገድ ተጽፎ ሦስት ሰው ሊመስል ይችላል። በአማርኛም ቢሆን ኃይሌ፣ ሀይሌና ሐይሌ፣ ወይም ፀጋዬና ጸጋዬ ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ይህን ችግር ለማቃለል የታሰበ ነው። አዘጋጅ «ምንም አልተገኘም» ከማለቱ በፊት ስሙን በተለያየ አጻጻፍ መፈለግ ይኖርበታል።

ስማቸው ያልተጻፈ ሥራዎች፦ የጅማ ቡና

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ወረዳዎች ከላይ የተጠቀሰው ችግር በግልጽ ይታያል። የቡና ፍሬ በሽታ በኬንያ በ1922 የታወቀ ሲሆን በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፍሬውን ገና በለጋነቱ የሚያጠቁረው ይህ ፈንገስ የአረቢካ ቡናን መገኛ አገር አሰጋ። መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታው ካጠቃቸው ማሳዎች መካከል ጤነኛ ሆነው የቀሩትን ዛፎች እየለዩ፣ ዘራቸውን እየፈተኑ፣ በአጭር ዓመታት ውስጥ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለቀቁ። ከእነዚህ መካከል 74110 እና 74112 በዓለም የቡና ገበያ ሳይቀር በቁጥራቸው ይታወቃሉ፤ «74» የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል።

ዛሬ በአጋሮ ወይም በሊሙ ያለ ገበሬ የዝርያውን ቁጥር ይናገራል። በባሕር ማዶ ያለ ቡና ቆይም ቁጥሩን በከረጢቱ ላይ ያትማል። ዛፎቹን የመረጡት ተመራማሪዎች ስም ግን ከማዕከሉ ሪፖርቶችና ከጥቂት የጥናት ጽሑፎች ውጭ እምብዛም አይገኝም። በሰባተኛው ነጥብ መንፈስ ሲታይ ከዚህ የሚበልጥ ተጽዕኖ በቀላሉ አይገኝም፤ በምንጭ ሚዛን ሲታይ ግን ለአንድ ሰው መጣጥፍ የሚበቃ ጽሑፍ ሊጠፋ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች አሉ። አንደኛው በአፍ በሚነገር ወሬ የሰውየውን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ጉዳዩን በሙሉ መተው ነው። የተሻለው መንገድ ምንጭ ስላለው ነገር መጻፍ ነው፤ ስለ በሽታው፣ ስለ ዝርያዎቹ፣ ስለ ምርምር ማዕከሉ። የተመራማሪዎቹ ስም በጥናት ጽሑፎቹ ላይ እንዳለ በዚያ መጣጥፍ ውስጥ ይጠቀሳል፤ በስማቸው ለሚፈልግ አንባቢም መምሪያ መንገድ ይሠራል። በኋላ ምንጭ ሲገኝ ያ ዐረፍተ ነገር ወደ ራሱ መጣጥፍ ያድጋል።

በሕይወት ላሉ ሰዎች የሚደረግ ጥንቃቄ

መጣጥፍ ማግኘት ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። አንድ ጊዜ ከተጻፈ ባለታሪኩ አይቆጣጠረውም፤ ስሙን የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ ጽሑፍ ይሆናል። ስለዚህ በሕይወት ያለን ሰው የሚመለከት አከራካሪ መረጃ ምንጭ ከሌለው ወዲያው ይነሣል፤ ውይይት እስኪያልቅ አይጠበቅም። የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ አባላት ስም፣ ሃይማኖትና ብሔር ለሥራው አስፈላጊ ካልሆኑና በሰፊው ካልታተሙ አይገቡም። በአንድ ክስተት ብቻ ስሙ የተነሣ መምህር ስለ ክስተቱ በሚጽፈው ገጽ ሊጠቀስ ይችላል እንጂ በዚያ ብቻ የሕይወት ታሪክ አይጻፍለትም።

የራስን፣ የአማካሪን ወይም የአለቃን መጣጥፍ መጻፍም አይመከርም። ተማሪ ለመምህሩ ካለው አክብሮት ተነሥቶ የሚጽፈው መጣጥፍ ወደ ምስጋና ያዘነብላል፤ ሲሰረዝ ደግሞ ኀፍረቱ ለመምህሩ ይተርፋል። በአማርኛ «ዶ/ር» ወይም «ፕሮፌሰር» የሚለው ማዕረግ በመጣጥፉ ርእስ ላይ አይጻፍም፤ በጽሑፉ ውስጥ «ናቸው» እያሉ በአክብሮት መጻፉ ግን ከገለልተኝነት ጋር አይጋጭም።

የውሳኔ አሠራር

አብዛኛው ውሳኔ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይይዛል። በመጀመሪያ አዘጋጁ ከምሁሩና ከመሥሪያ ቤቱ ነጻ የሆኑ ምንጮችን ይሰበስባል። ቀጥሎ ከስምንቱ ነጥቦች የትኛው እንደተሟላ በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመግለጽ ይሞክራል። ዐረፍተ ነገሩ «ታዋቂ ምሁር ናቸው» ከሚል ካላለፈ ረቂቁ ገና አልበሰለም። መጣጥፉ ከወጣ በኋላ ተቃውሞ ከተነሣ ጉዳዩ ለውይይት ይቀርባል፤ በእንግሊዝኛው ክፍል የስረዛ ውይይት በመደበኛነት ሰባት ቀን ይቆያል። ውሳኔው በድምፅ ብዛት ሳይሆን በቀረበው ማስረጃ ጥንካሬ ነው። የተሰረዘ መጣጥፍ አዲስ ምንጭ ሲገኝ ሊመለስ ይችላል። የኬሚስቷ የክላሪስ ፌልፕስ መጣጥፍ በ2019 ተሰርዞ በ2020 ተመልሷል።

ትችት

በመስፈርቱ ላይ የሚቀርበው ዋናው ትችት ዓለም ቀድሞ ያከበራቸውን ብቻ መልሶ ያከብራል የሚል ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ካሉት የሕይወት ታሪኮች ሴቶችን የሚመለከቱት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ናቸው። ከኢትዮጵያ ምሁራንም በቀላሉ የሚያልፉት በውጭ አገር የሠሩት ወይም ከውጭ የተሸለሙት ናቸው፤ በዚህ መጣጥፍ ከተጠቀሱት ሕያዋን ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ በዚሁ ረድፍ ይገባሉ። በጅማ፣ በሐሮማያ ወይም በጎንደር ሙሉ ዕድሜውን አስተምሮ፣ አገር የሚጠቀምበትን ሥራ ሠርቶ ያለፈ መምህር ብዙ ጊዜ የሚቀረው የተማሪዎቹ ትዝታ ብቻ ነው።

የመስፈርቱ ደጋፊዎች በበኩላቸው ያለ ነጻ ምንጭ መጣጥፍ ቢፈቀድ ገጹ በግል ማስታወቂያ እንደሚሞላ፣ የሐሰት መረጃም ማረጋገጫ እንደሚያጣ ይናገራሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነጥብ አለ፤ ጉድለቱ በአብዛኛው ከመዝገበ ዕውቀቱ በፊት የሚጀምር ነው። መዝገበ ዕውቀት ቀድሞ የተጻፈውን ይሰበስባል። የመጽሐፍ ሂስ፣ የምርምር ማዕከላት ታሪክ፣ የሙያ ማኅበራት መጽሔትና ለተመራማሪዎች የሚጻፍ የስንብት ጽሑፍ ባልተለመዱበት ቦታ የሚሰበሰብ ነገር ያንሳል።

ይህንም ይዩ

ገቢሳ ኤጄታ
ሰገነት ቀለሙ
ጅማ ዩኒቨርሲቲ
የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ
የቡና ፍሬ በሽታ
አቀንጭራ